የቆጡን አወርድ ብላ፦ አዲስ ካሜራ የመግዛት አባዜ አጭር ታሪክ

እስራኤል ከመምጣታችን በፊት የተነሳ ፎቶ ቤታችን ውስጥ አንድ ብቻ ነው ያለው። ጎንደር አካባቢ በነበረው የቤተሰቡ መንደር፣ ከአንድ ጎጆ ፊት ለፊት ዘጠኝ ሰዎች ቆመው ይታያሉ። አያቴ በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ስትመጣ ቀሚሷ ውስጥ ሸሽጋ ያመጣችው ነው። ጠርዙ ተቀዷል፣ መሐሉ ላይ የመታጠፍ መስመር አለው፣ ሁለቱ ሰዎች ደግሞ ፊታቸው ደብዝዟል።

ከሁለት ዓመት በፊት ለዩኒቨርሲቲ ሰሚናር ሥራ ሳዘጋጅ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። የእናቴን አጎት፣ እኛ ልጆቹ «አባባ» የምንላቸውን፣ ከዚህ ፎቶ ፊት አስቀምጬ እያንዳንዱ ሰው ማን እንደሆነ ሲነግሩኝ በቪዲዮ ልቀርጻቸው። በቤተሰቡ ውስጥ ዘጠኙንም የሚያውቁ እሳቸው ብቻ ነበሩ። እሳቸውም «ና፣ በፈለግህ ቀን ና» አሉኝ። ካሜራም ነበረኝ፤ ከያድ-ሽታይም ተጠቅሞበት ከነበረ ሰው የገዛሁት፣ ስምንት ዓመት ያለፈው ሞዴል። ግን የአባባ ሳሎን ጨለም ይላል፣ የእኔ ካሜራ ደግሞ በደካማ ብርሃን ምስሉን ነጠብጣብ በነጠብጣብ ያደርገዋል። «ለእንደዚህ ዓይነት ነገርማ ደህና ካሜራ ያስፈልጋል» አልኩ። ከሚልጋዬና ከምግብ ቤት ሥራዬ ቆጠብኩ። ሞዴል መምረጥ ብቻ አንድ ወር ፈጀ። ልገዛ ስል «አዲሱ በቅርቡ ይወጣል» የሚል ወሬ ሰማሁና እሱን ጠበቅሁ። በመጨረሻ በ12 ታሽሉሚም አዘዝኩ፤ ዕቃውም ዘገየ።

ካሜራው ሊደርስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው አባባ ስትሮክ መታቸውና አንደበታቸው ተያዘ። አሁን ስሄድ እጄን ጨበጥ ያደርጋሉ። ፎቶውን ሳሳያቸው ጣታቸውን በአንድ ሰው ላይ ያሳርፋሉ፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ስሙ ግን አይወጣም። ከዘጠኙ ሰዎች የአራቱን ስም ብቻ ነው የምናውቀው።

ወላጆቻችን «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ይላሉ። እኔ እኮ ተረቱን ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፤ ስለ እኔ የተነገረ አልመሰለኝም ነበር። የታሪክ ተማሪ ነኝና ከራሴ ጋር ከተጣላሁ በኋላ አንድ ጥያቄ መጣብኝ፦ ይህ «አዲሱ ይሻላል፣ ትንሽ ልጠብቅ» የሚለው ስሜት ከየት መጣ? ሰው ሁሉ አብሮት የሚወለድ ነው ወይስ የሆነ ጊዜ፣ በሆኑ ሰዎች የተሠራ? ቀጥሎ የምጽፈው የዚህን ጥያቄ መልስ ፍለጋ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ስሙ ከየት መጣ?

ፎቶ አንሺዎች ይህንን አባዜ በቀልድ እንደ በሽታ ስም አውጥተውለታል፦ «የዕቃ መሰብሰብ ሕመም»። ቀልዱ ግን የእነሱ አይደለም፣ የጊታር ተጫዋቾች ነው። በ1990ዎቹ ስቲሊ ዳን የተባለው የሙዚቃ ቡድን አባል ዋልተር ቤከር በአንድ የጊታር መጽሔት ላይ ጊታር በላይ በላዩ የሚገዙ ጓደኞቹን አሾፈባቸው፤ ፎቶ አንሺዎቹም ወሰዱት።

ስሜቱ ራሱ ግን ከጊታርም ከካሜራም ይቀድማል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የፈረንሳዩ ፈላስፋ ዴኒ ዲዴሮ የአሮጌ ካባውን መለየት የሚያዝንበት አንድ ጽሑፍ ጽፎ ነበር። ሰውዬው አዲስ ያማረ ካባ ተሰጠው። ካባውን ለብሶ ሲቀመጥ ወንበሩ አሮጌ መስሎ ታየው፤ ወንበሩን ቀየረ። ከዚያ ጠረጴዛው፣ ከዚያ በግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሁሉ። በ1988 ግራንት ማክራከን የተባለ ምሁር ይህንን ሰንሰለት «የዲዴሮ ውጤት» ብሎ ሰየመው። ካሜራ የገዛ ሰው ይህን ያውቀዋል። አዲሱ ካሜራ አዲስ ሌንስ ይፈልጋል፣ ትልልቆቹ ፋይሎች ፈጣን ካርድ ይፈልጋሉ፣ ካርዱን የሚያነበው ኮምፒውተር ደግሞ ድሮ በቂ ነበር፣ አሁን ግን ይንቀራፈፋል።

ስለዚህ የሰው አምሮት የቆየ ነው። ይህን አምሮት በየዓመቱ በአንድ ዕቃ ላይ እንዲያርፍ ያደረገው ግን ንግዱ ነው፤ የካሜራ ታሪክም ይህን ከብዙ ዕቃ ይልቅ አጥርቶ ያሳያል።

አንድ ጊዜ ገዝቶ ዕድሜ ልክ

ፎቶግራፍ በ1839 በፓሪስ ለዓለም ሲታወጅ ካሜራ ማለት ከፊቱ ሌንስ ያለው የእንጨት ሣጥን ነበር። የሚበላሽ ነገር ብዙም የለውም። አስቸጋሪው ሥራ ያለው ከሣጥኑ ውጭ ነው። በ1868 የእንግሊዝ ጦር አፄ ቴዎድሮስን ለመውጋት ወደ መቅደላ ሲዘምት የጦሩ መሐንዲሶች ካሜራ ይዘው ነበር። በዚያ ዘመን አሠራር ፎቶ አንሺው መስተዋቱን በኬሚካል ይቀባል፣ ሳይደርቅ ያነሳበታል፣ ሳይደርቅም ያጥበዋል። ጨለማ ድንኳን፣ ውሃ፣ ጠርሙስና መስተዋት ይዞ ተራራ መውጣት ማለት ነው። ለዚህ ሰው «አዲስ ካሜራ» ምንም አይጠቅመውም፤ የሚጠቅመው የተሻለ ኬሚካል ነው። በ1871 ሪቻርድ ማዶክስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ደረቅ መስተዋት የሚሠራበትን መንገድ ሲያሳትም ፎቶ አንሺዎች ከእርጥቡ ሥራ ተገላገሉ፤ የእንጨት ሣጥናቸው ግን እዚያው ነበር።

ለነጋዴ ይህ ችግር ነው። ዕድሜ ልክ የሚያገለግል ሣጥን አንድ ጊዜ ሸጠህ ምን ትበላለህ? መልሱን ያገኘው አሜሪካዊው ጆርጅ ኢስትማን ነው። በ1888 ኮዳክ የተባለ ካሜራ በ25 ዶላር ለገበያ አቀረበ። ውስጡ 100 ፎቶ የሚያነሳ ፊልም አለ። ሲያልቅ ካሜራውን እንዳለ ወደ ፋብሪካው ትልካለህ፣ በ10 ዶላር ያጥቡልሃል፣ አዲስ ፊልም ሞልተው ይመልሱልሃል። በ1900 ደግሞ ብራውኒ የሚባል የካርቶን ካሜራ በ1 ዶላር ብቻ አወጣ፤ ፊልሙ 15 ሳንቲም። ካሜራው ማጥመጃ ነው፤ ትርፉ ያለው ፊልሙ ላይ ነው። በዓመቱ በ1901 ቁጥር 2 ብራውኒ በ2 ዶላር መጣ። «ቁጥር 2» የሚለውን ልብ በሉልኝ። ቁጥር 1 ገና አንድ ዓመቱ ነው።

ያም ሆኖ በዚያ ዘመን አብዛኛው ሰው ካሜራውን አይቀይርም ነበር። ኢስትማንም አልተቸገረበትም፤ ሰዉ ፊልም እስከገዛ ድረስ ካሜራው ቢያረጅ ለእሱ ምን ገዶት።

ፋብሪካው አሮጌውን ሲያድስ

አሁን የምነግራችሁ ለእኔ ከታሪኩ ሁሉ በጣም የገረመኝን ነው። በ1925 የጀርመኑ ሊትዝ ኩባንያ፣ ኦስካር ባርናክ የተባለ ሠራተኛው የሠራትን ላይካ የምትባል ትንሽ ካሜራ አወጣ። ኪስ ውስጥ የምትገባ፣ የሲኒማ ፊልም የምትጠቀም። በ1930 ሌንሷ የሚፈታ ሆነ። በ1932 ርቀት መለኪያ ተገጠመላት። በ1933 ዝግተኛ ፍጥነቶች ተጨመሩባት። እንግዲህ በሦስት ዓመት ውስጥ ሦስት ማሻሻያ ማለት ነው፤ የዛሬን ይመስላል አይደል?

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። በ1925 የገዛ ሰው ካሜራውን መጣል አይጠበቅበትም ነበር። ቬትስላር ወደሚገኘው ፋብሪካ ይልካታል፣ እነሱ ይፈቷታል፣ የጎደላትን ይጨምሩላታል፣ ወደ አዲሱ ሞዴል ቀይረው ይመልሱለታል። ያችው ካሜራ ናት፤ አድጋ መጣች። ማሻሻል ማለት የነበረህን ማሻሻል ነበር እንጂ የነበረህን መተው አልነበረም።

ስለዚህ ኩባንያ ሌላም ልናውቀው የሚገባ ነገር አለ። ናዚዎች ሥልጣን ከያዙ በኋላ ባለቤቱ ኧርንስት ሊትዝ አይሁድ ሠራተኞቹንና ሌሎችንም ከጀርመን እንዲወጡ ረድቷል። ልጁ ኤልሲ በ1943 አይሁዳውያት ሴቶች እንዲያመልጡ ስትረዳ በጌስታፖ ታስራለች።

የ20ኛው ክፍለ ዘመን ታላቅ ከሚባሉት ፎቶ አንሺዎች አንዱ ሄንሪ ካርቲዬ-ብሬሶን ዕድሜውን በሙሉ ማለት ይቻላል በላይካና በአንድ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ሠራ። ሌላ ለመግዛት ገንዘብ አጥቶ አልነበረም። እጁ ስለለመደ ዓይኑ ሰው ላይ እንጂ ዕቃው ላይ አያርፍም ነበር።

አዲስ ሆኖ የባሰ

ኮዳክ ግን በሌላ መንገድ ሄደ። በ1963 ኢንስታማቲክ የሚባል ካሜራ አወጣ። ፊልሙ በፕላስቲክ ካሴት የታሸገ ስለሆነ ማንም ሰው ሳይሳሳት ይከተዋል፤ በአሥር ሚሊዮኖች ተሸጠ። በ1972 ደግሞ 110 የተባለ የባሰ ትንሽ ፊልም ከነካሜራው መጣ። በ1982 ክብ የዲስክ ፊልም ከነካሜራው። በ1996 ኤ.ፒ.ኤስ. የሚባል ሌላ። በየጊዜው አዲስ ዓይነት ፊልም፣ ለእሱ ብቻ የሚሆን አዲስ ካሜራ።

የዲስኩን እንመልከት። የአንዱ ፎቶ ኔጋቲቭ 8 በ11 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከ1925 ጀምሮ ላይካ የምትጠቀመው ደግሞ 24 በ36 ሚሊ ሜትር። የ1982ቱ «አዲስ» ኔጋቲቭ ስፋቱ የ1925ቱን አንድ አሥረኛ ነው ማለት ነው፤ ፎቶው ሲታጠብም ሻካራና ደብዛዛ ይወጣ ነበር። የዲስክ ፊልም ከ1990ዎቹ አላለፈም፤ ኤ.ፒ.ኤስ.ም በ2011 ምርቱ አበቃ። የገዛው ሰው እጁ ላይ የቀረው ፊልም የማይገኝለት ካሜራ ነው። አዲስ የሆነ ሁሉ የተሻለ ነው የሚለውን እምነት የሚያፈርስ ምሳሌ የፈለገ ከዚህ የተሻለ አያገኝም።

በተመሳሳይ ዘመን የጃፓኑ ኒኮን ለባለሙያዎች የሚሠራውን ካሜራ ዓመታት እዩት። ኒኮን ኤፍ በ1959፣ ኤፍ2 በ1971፣ ኤፍ3 በ1980፣ ኤፍ4 በ1988፣ ኤፍ5 በ1996። በመሐላቸው ከ8 እስከ 12 ዓመት አለ። ጦርነትና ኦሎምፒክ እየዞረ የሚያነሳ፣ እንጀራው ካሜራ የሆነ ሰው በአንድ ሞዴል አሥር ዓመት ይሠራ ነበር። እኔ ለአንድ ሰሚናር ስምንት ዓመት ያለፈው አይበቃኝም አልኩ።

ፊልሙ ካሜራው ውስጥ ሲታሸግ

ታዲያ ምን ተለወጠ? መልሱ እኔ ካነበብኩት ሁሉ ተነስቼ የደረስኩበት ነው፤ ቀላል ነው ግን ብዙ ያስረዳል። በፊልም ዘመን የምስሉን ጥራት የሚወስነው ትልቁ ነገር ፊልሙ ነው፣ ፊልሙ ደግሞ ከካሜራው ተለይቶ ይገዛል። የተሻለ ፊልም በወጣ ቁጥር የአባትህ አሮጌ ካሜራ ራሱ ይሻሻላል። የ1959 ካሜራ ላይ የ1995 ፊልም ስትከት የ1995 ፎቶ ታነሳለህ።

በዲጂታል ካሜራ የፊልሙን ቦታ የያዘው ሴንሰሩ ነው፤ እሱም ከውስጥ ታሽጓል፣ አይወጣም። ስለዚህ የተሻለ «ፊልም» የፈለገ ሰው ካሜራውን በሙሉ መቀየር አለበት። ሮል ፊልም በጥቂት ብር ይገዛ የነበረው ማሻሻያ፣ አሁን የሺዎች ሼቄል ዕቃ ሆነ።

የመጀመሪያውን ዲጂታል ካሜራ የሠራው ራሱ የኮዳክ መሐንዲስ ስቲቭ ሳሰን ነው፣ በ1975። ክብደቱ 3.6 ኪሎ፣ ምስሉ 0.01 ሜጋፒክስል፣ አንዱን ፎቶ ካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሰከንድ ይፈጅ ነበር። ኩባንያው ግን ትርፉ ከፊልም ስለሆነ ለረጅም ጊዜ ሊገፋበት አልፈለገም። በ2012 መጀመሪያ ኮዳክ የኪሳራ ከለላ ጠየቀ።

ሌሎቹ ገፉበት። በ2003 ካኖን 300ዲ የተባለውን ካሜራ ከ1,000 ዶላር በታች ሸጠ፤ ሌንሱ የሚፈታ ዲጂታል ካሜራ ተራው ሰው እጅ ገባ። ከዚያ በኋላ የመጣውን ዝርዝር ቁጠሩልኝ፦ 350ዲ በ2005፣ 400ዲ በ2006፣ 450ዲ በ2008፣ 500ዲ በ2009፣ 550ዲ በ2010፣ 600ዲ በ2011፣ 650ዲ በ2012፣ 700ዲ በ2013። በአሥር ዓመት ዘጠኝ ሞዴል! ኒኮን ከኤፍ ወደ ኤፍ2 ለመሄድ 12 ዓመት የፈጀበትን አስታውሱ።

መጀመሪያ ላይ ለውጡ እውነት ነበር። 300ዲ 6 ሜጋፒክስል ገደማ ነበረው፣ 400ዲ 10፣ 500ዲ 15። ከዚያ በኋላ ግን 550ዲ፣ 600ዲ፣ 650ዲ፣ 700ዲ አራቱም 18 ሜጋፒክስል ናቸው። ስሙ ይቀየራል፣ ስክሪኑ ይታጠፋል፣ በጣት ይነካል፤ ፎቶው ግን ከሞላ ጎደል ያው ነው። ይህ ማለት ካሜራዎቹ መጥፎ ናቸው ማለት አይደለም። ይልቅስ በጣም ጥሩ ስለነበሩ ሰው እንዲቀይር የሚያደርግ ምክንያት መፈለግ ግድ ሆነ።

ቁጥሩ ምን ይላል

ሜጋፒክስል ላይ ትንሽ እንቁጠር፤ አትፍሩ፣ የባግሩት ሒሳብ ይበቃል። ስፋት የሚገኘው ጎንን በጎን በማባዛት ስለሆነ፣ ፎቶን በእጥፍ አግድምና በእጥፍ ቁመት ለማተም አራት እጥፍ ፒክስል ያስፈልጋል። ከ6 ወደ 24 ሜጋፒክስል የሄደ ሰው ያገኘው የእጥፍ ርዝመት እንጂ የአራት እጥፍ ጥራት አይደለም። 20 በ30 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ፎቶ በጥሩ ጥራት ለማተም 8.4 ሜጋፒክስል ይበቃል። ፎርኬ የሚባለው ቴሌቪዥን ራሱ 8.3 ሜጋፒክስል ገደማ ነው። በስልካችን ስክሪን የምናየውማ ከዚያም ያንሳል። አብዛኞቻችን ፎቶ የምናየው በስልክ ነው፣ የምንልከው በዋትስአፕ ነው፤ እሱም ጨምቆ አሳንሶ ነው የሚያደርሰው።

ገበያውም ይህን የተረዳ ይመስላል። የጃፓን ካሜራ ሠሪዎች ማኅበር በሚያወጣው አኃዝ መሠረት በ2010 ወደ ገበያ የተላከው ዲጂታል ካሜራ 121 ሚሊዮን ገደማ ነበር፤ በ2020 ግን 9 ሚሊዮን አልሞላም። ሰዉ በስልክ ረክቶ ሄደ። ገዢ ሲያንስ የቀሩት ገዢዎች ዋጋ ይጨምራል፦ ውድ ካሜራ፣ በቶሎ የሚቀየር፣ አዲስ ሌንስ የሚፈልግ። በ2013 ሶኒ፣ በ2018 ደግሞ ኒኮንና ካኖን መስተዋት የሌለው ትልቅ ሴንሰር ያለው ካሜራ አወጡ፤ ኒኮንና ካኖን አዲስ የሌንስ መግጠሚያም ይዘው መጡ። የቀድሞው ሌንስ በማገናኛ ይሠራል፣ ግን «ሙሉ በሙሉ» አይደለም ይባላል። ካኖን በ1987ም መግጠሚያውን ቀይሮ የደንበኞቹን ሌንስ ከጥቅም ውጭ አድርጎ ነበር። እንግዲህ እኔና እናንተ ከነዚያ ከቀሩት ጥቂት ገዢዎች ነን። ማስታወቂያው ሁሉ እኛን ነው የሚፈልገው።

የእኛ ፊት

እስካሁን የተናገርኩት አዲስ ዕቃ ሁሉ ከንቱ ነው የሚል ከመሰለ ተሳስቻለሁ። ማሻሻል ያስፈለገበት፣ እኛንም በቀጥታ የሚነካ ጉዳይ አለ። የቀለም ፊልም ለረጅም ዘመን የተስተካከለው ለነጭ ቆዳ ነው። ፎቶ የሚያጥቡ ቤቶች ቀለሙን የሚያመሳክሩበት ኮዳክ የሚልክላቸው ካርድ ነበር፤ ካርዱ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ናት። የመጀመሪያዋ ሠራተኛ ስሟ ሸርሊ ስለነበር ካርዱም «ሸርሊ» ተባለ። ካናዳዊቷ ተመራማሪ ሎርና ሮት በ2009 ባሳተመችው ጥናት እንዳሳየችው፣ የጥቁር ሰው ፊት በዚህ ፊልም ጠቁሮ ዝርዝሩ ይጠፋ ነበር፤ በተለይ ከነጭ ሰው አጠገብ ሲቆም። ኮዳክን ፊልሙን እንዲያሻሽል የገፋፋው የጥቁር ሕዝብ ቅሬታ ብቻ አልነበረም። የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች «የምርታችን ቡናማ ቀለም በትክክል አይወጣም» ብለው ማማረራቸው ትልቅ ድርሻ ነበረው። ቸኮሌቱ ቀድሞን ተሰማ ማለት ነው። ጉግል በ2021 ስልኩ የጠቆረ ቆዳን በትክክል እንዲያሳይ ብሎ ያደረገው ማስተካከያም የዚሁ ታሪክ ቀጣይ ነው። እንዲህ ያለ ማሻሻያ ሲመጣ እኔም ደስ ይለኛል።

ግን እዚህም ላይ መግዛት ሁሉን አይፈታም። ስግድ ላይ ኢየሩሳሌም አርሞን ሀናጺቭ ወጥታችሁ እናቶችን በነጭ ነጠላ ስታነሱ ፊታቸው ጠቁሮ ይወጣል፣ አይደል? ምክንያቱም የካሜራው ብርሃን መለኪያ ያየው ነገር ሁሉ በአማካይ ግራጫ ነው ብሎ ስለሚያስብ፣ ነጩ ነጠላ ፍሬሙን ሲሞላው «ብርሃን በዛ» ብሎ ያጨልመዋል። ይህን 20,000 ሼቄል ያወጣ ካሜራም ሊያደርገው ይችላል። መፍትሔው ነጻ ነው፦ ብርሃኑን በአንድ ደረጃ ጨምሩ፣ ወይም በስልክ ከሆነ ፊታቸው ላይ ነክታችሁ ጣታችሁን ወደ ላይ ሳቡ። ከቀትር ፀሐይ ወደ ጥላ አምጧቸው። እኔ ይህን የተማርኩት አዲሱን ካሜራ ከገዛሁ በኋላ፣ ያው ስህተት በውድ ዋጋ ሲደገም አይቼ ነው።

ስም የሌላቸው ፎቶዎች

አሁን ወደ ራሳችን ታሪክ ልመለስ። ያዕቆብ ፋይትሎቪች በ1904 ወደ ኢትዮጵያ ሄዶ በቤተ እስራኤል መንደሮች ዞረ፤ ከዚያ በኋላም ደጋግሞ ተመለሰ። ከእነዚያ ጉዞዎች የቀሩ ፎቶዎች አሉ፤ የእሱ ስብስብ ዛሬ በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ዛሬ የማንም ልጅ ኪስ ውስጥ ያለ ስልክ ከዚያ ዘመን ካሜራ እጅግ ይበልጣል። ሆኖም ፎቶዎቹ ምን ጎደላቸው ብላችሁ ብትጠይቁኝ ጥራት አልልም። በዚያ ዘመን ተጓዦች ያነሷቸውን ፎቶዎች ስታዩ ከሥራቸው ብዙ ጊዜ የሚገኘው «የፈላሻ ሴት»፣ «ሸክላ ሠሪ»፣ «ቄስ» የሚል ነው። ፊቷ ይታያል፣ ጠባሳዋ ይታያል፣ የልብሷ ጥለት ይታያል። ስሟ የለም። የማን ልጅ እንደሆነች፣ የልጅ ልጆቿ ዛሬ ሬሆቮት ይኑሩ ወይ አሽኬሎን፣ ማንም አያውቅም። ፎቶ አንሺው መስተዋቱንና ኬሚካሉን በጥንቃቄ ይዞ፣ አንድ እርሳስ ሳያወጣ ቀረ።

የእኛ ቤተሰቦች ደግሞ ፎቶ የያዙት ጥቂት ናቸው። በሱዳን በኩል በእግር የሄዱት ማንነታቸውን የሚያሳይ ነገር መያዝ ያስፈራቸው ነበር። በ1991 በ36 ሰዓት ውስጥ የመጡት ከ14,000 በላይ ሰዎችም ዕቃቸውን ትተው ነው የተሳፈሩት። ስለዚህ የእኛ አልበም በአብዛኛው ያለው ወረቀት ላይ አይደለም፤ በአባባና በእማማ ጭንቅላት ውስጥ ነው። ለዚያ አልበም ደግሞ ፋብሪካ ውስጥ አዲስ ሞዴል አይወጣለትም።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ካሜራ አትግዙ አልልም። እኔ ራሴ የገዛሁትን እወደዋለሁ፤ ታሽሉሚሙም ገና አላለቀም። የምለው ቅደም ተከተሉን ነው። መጀመሪያ ሂዱ። ባላችሁ ስልክ ሂዱ። መስኮት አጠገብ አስቀምጧቸው፣ የመስኮት ብርሃን ከብዙ ፍላሽ ይበልጣል። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አቅርባችሁ አድርጉት፤ ድምፁ ከምስሉ ይበልጥ አስፈላጊ ነውና ቴሌቪዥኑን ዝጉ። የድሮ ፎቶ ካለ እሱን አሳይታችሁ ከግራ ወደ ቀኝ እያንዳንዱን ሰው ጠይቁ፦ ስም፣ የአባት ስም፣ መንደር። ከዚያ ጻፉት፤ በአማርኛ ካልቻላችሁ በዕብራይስጥ ፊደል ጻፉት። ኮፒውን ለአንድ የአክስት ልጅ ላኩ። ካሜራ መግዛት ካማራችሁ ከዚህ በኋላ ግዙ፣ እሱም «የአሁኑ ካሜራዬ ያቃተው ነገር ምንድን ነው?» ለሚለው በአንድ ዓረፍተ ነገር መመለስ ከቻላችሁ።

ባለፈው ወር ፎቶውን በስልክ አንስቼ ናታኒያ ለምትኖር የእናቴ የአጎት ልጅ ላክሁላት። እሷ ያኔ ሕፃን ነበረች፣ ብዙ አልጠበቅሁም። ከሩብ ሰዓት በኋላ የድምፅ መልእክት መጣ። ከቀኝ ሦስተኛዋን፣ ፊቷ የደበዘዘውን፣ በአቋቋሟ አወቀቻት፤ «እጇን ወገቧ ላይ የምታደርገው እሷ ብቻ ነበረች» አለች፣ ስሟንም ከነአባቷ ነገረችኝ። ሻባት ካለፈ በኋላ ወደ አባባ ሄጄ ስሙን ጮክ ብዬ ጠራሁት። ዓይናቸውን ጨፈኑና ራሳቸውን ከፍ ዝቅ አደረጉ።

አምስት ሆነናል። አራት ይቀራሉ።